ጣቷ ሳይድን ፊርማዋን ጠየቋት

ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ጓደኛዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ፣ እናትሽስ እንዴት ናቸው? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ ምክንያቱን ስንገናኝ አጫውትሻለሁ። አሁን ብዕር ያስነሣኝ ጉዳይ ቀን የማይሰጥ ነው። ጥብቅና ከጀመርሽ ወዲህ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ መታገሥ ለምደሽ ከሆነ፣ የድሮ ጠባይሽን ለማውቀው ለእኔ ይህን ማመን ቢከብደኝም፣ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ነገሩ የታናሽ እህቴ ነው። ካርቶን ፋብሪካው ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ላይ ሳለች መቁረጫ ማሽኑ የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ከአንጓቸው ላይ ወሰደባት። የማሽኑ መከለያ ከተነሣ መሰንበቱን አብረዋት የሚሠሩት ነግረውኛል፤ እርሷን ወደ ሕክምና ይዘዋት እንደወጡ ፎርማኑ ደሙን አስጠርጎ ሥራው ቀጠለ። ዛሬ የቀሚሷን ቁልፍ የምቆልፍላት፣ ፀጉሯን የምሠራላት እኔ ነኝ። እንጀራ በግራ እጇ መቁረስ ስለሚያሳፍራት ሰው ባለበት መብላት ትታለች።

ከጉዳቱ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ግን በመዝገብ ላይ የሰፈረው ነው። የሰው ኃይል አስተዳደሩ በሞላው የፈቃድ ቅጽ ላይ ምክንያቱ «ሕመም» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ምን እንደሚያስከትል ለአንቺ መንገር አይገባኝም፤ እኔ ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ተውሼ ሳነብ ነው የገባኝ። በአንቀጽ 86 መሠረት የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ወራት ግማሹን ያገኛል፤ ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ግን ሦስት ወር ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጥሎ ላሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያም ለስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል፤ የሕክምናና የመድኃኒት ወጪውም በአሠሪው ላይ ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ እንደሚሆን፣ አደጋውንም መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ እንዳለበት እዚያው ተጽፎ ሳለ፣ እህቴ በሁለተኛው ወር ግማሽ ደመወዝ ተቀብላ የመድኃኒቱን ከኪሷ ከፈለች።

መንዝ ያለችው እናታችን በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተሯ ትታከማለች፤ ከተማ ገብታ ደመወዝተኛ የሆነችው ልጇ ግን የምታሳየው ደብተር የላትም። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ፣ ሠራተኛውም አሠሪውም ሦስት ሦስት በመቶ እንዲያዋጡ በደንብ ከተደነገገ ስንት ዘመን ሆነ! በእህቴ የደመወዝ ወረቀት ላይ ግን ለጡረታ ከሚቆረጠው 7 በመቶ በቀር የመድን መዋጮ የሚባል የለም። ለነገሩ የሥራ ላይ ጉዳትን ወጪ ሕጉ በአሠሪው ላይ ስለጣለው፣ መድን ኖረም አልኖረም እርሷ ልትከፍል አይገባም ነበር።

ሌላም አለ፤ ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ነበር። ከድርጅቱ የተላከ ሰው ወደታከመችበት ቦታ ሄዶ፣ እርሷ ሳትፈቅድ ካርዷን አስወጥቶ አንብቧል። የዱሮ የጨጓራ ሕመሟን ጠቅሶ «ቀድሞም በሽተኛ ነበርሽ» ሲላት ነው ያወቅነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን ማውጣት የሚከለክለው ለእንደዚህ ያለ ነገር አይደለምን? እህቴ ከጣቷ በላይ የተጎዳችው በዚህ ይመስለኛል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሐኪም ፊት ቀርባ መናገር ፈርታለች።

አሁን ደግሞ የሁለት ወር ደመወዝ እንሰጥሻለን፣ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» ብለሽ ፈርሚ ብለዋታል። የተሰጣት ጊዜ እስከ ሰኞ ነው። የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቷን መጠን ገና አልወሰነም፤ ጣቷም አልዳነም። እርሷ ግን ሥራዬን አጣለሁ በሚል ፍርሃት ልትፈርም ነው፤ የቤት ኪራዩም አለ፣ አልፈርድባትም። ለእናታችን ትንሽ ቆረጣት እንጂ እውነቱን አልነገርናትም፤ በየሳምንቱ ስትደውል ስልኩን የምቀበለው እየተጨነቅሁ ነው።

ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ዘንድ ብቅ ብትዪልን፣ ወረቀቱን ከእርሷ ጋር ብታነቢው፣ አቤቱታውንም ብትጽፊልን እለምንሻለሁ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር ለፍርድ ቤት የዳኝነት ክፍያ እንደማይከፍል አውቃለሁ፤ የአንቺን የድካም ዋጋ ግን በምን ቃል እንደማነሣው ቸግሮኝ ደጋግሜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ፣ አንቺው ንገሪኝ። የሕክምና ደረሰኞቿን፣ የፈቃድ ቅጹን ቅጂ፣ አደጋው ሲደርስ አብረዋት የነበሩትን የሁለት ሠራተኞች ስምና ስልክ አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ። እስከዚያ እንዳትፈርም እኔ አጠገቧ ነኝ።

የዘወትር ጓደኛሽ