ለከተማችን ጤና ቢሮ ኃላፊ፦ ፓፉን ስትሰጡን አጠቃቀሙንም አሳዩን

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎት በር ማንኳኳት ስለሰለቸኝ ነው። ለሆስፒታሉ አመለከትኩ። ቢሮዎ መጥቼ ደብዳቤዬን መዝገብ ቤት አስገባሁ። «እናጣራለን» ተባልኩ። እስካሁን የደወለልኝ የለም።

ጉዳዩ የልጄ አስም ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አምና ክረምት ሐኪሙ ሁለት ፓፍ (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) አዘዘላት፤ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ቡናማ። የፋርማሲዋ ሠራተኛ በመስኮት አቀበለችኝና «ሲያስፈልግ ሁለት ሁለቴ» ብላ ቀጣዩን ሰው ጠራች። የቱን? ብዬ ጠየቅኳት። «ወረቀቱ ላይ አለልሽ» አለችኝ። ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው።

አንድ ሌሊት ልጄን አፈናት። ጎኗ እየተሰረጎደ፣ ቃል ማውጣት አቅቷት ቡናማውን ነፋንላት። ደገምንላት። ምንም ለውጥ የለም። ድንገተኛ ክፍል አድርሰናት በኔቡላይዘር (መድኃኒቱን እንደ ጉም አድርጎ በሚያስተነፍሰው መሣሪያ) እና በኦክስጅን ተረፈች። ልዩነቱን የነገረችን ተረኛዋ ነርስ ናት። ሰማያዊው ሳልቡታሞል ነው፤ የጠበበውን የአየር ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታል። ቡናማው ቤክሎሜታሶን ነው፤ የቧንቧውን ቁጣ በቀናትና በሳምንታት ያበርዳል። ደህና በሆነችበት ቀንም ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነው እንጂ ሲያፍን አይደርስም። ይህን ለማስረዳት የፈጀባት ጊዜ ጀበና እስኪፈላ እንኳ አይሞላም።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ትክክለኛው መድኃኒት ቤታችን ነበር። ብሩም ተከፍሎበታል። ልጄ ሞት አፋፍ የደረሰችው አንድ ባለሙያ ቆም ብሎ ስላላሳየን ነው።

ፓፍ እንደ ክኒን እንደማይዋጥ እርስዎ ያውቃሉ። ይናጣል፣ ትንፋሽ ይወጣል፣ አፍ ላይ ይገጠማል፣ እየተጫነ በዝግታ ይሳባል፣ አስር ሰከንድ ያህል ይያዛል። ያለዚያ አብዛኛው መድኃኒት አፍና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ለልጅ ደግሞ ስፔሰር፣ ማለትም በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ ዕቃ፣ ያስፈልጋል። የለንም አይበሉኝ። ግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ በስቶ መሥራት እንደሚቻል የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች በጥናት ካሳዩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነ።

ባለሙያው ዝም ሲል ጎረቤት ያስተምራል። «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» ይባላል፣ ሰውም ፈርቶ ያቆማል። ሌላው ሰማያዊውን ብቻ ይዞ ዓመታት ይገፋል። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ግን ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዋቂዎችና ወጣቶች በሱ ብቻ እንዲታከሙ አይመክርም። የከሰል ጭስ፣ ዕጣን፣ የበርበሬ ቁሌት፣ አቧራ፦ ልጄን የቱ እንደሚቀሰቅስባት የጠየቀን አንድም ሰው የለም። የ2024ቱ የዓለም አስም ቀን መሪ ቃል ስለ አስም ትምህርት ነበር። ትምህርቱ እኛ ጋ አልደረሰም።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። በእርስዎ ሥር ባሉ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች፣ ፓፍ የታዘዘለት ሰው ባለሙያ ፊት ራሱ ነፍቶ ሳያሳይ አይውጣ። በሚቀጥለው ቀጠሮም እንደገና ይታይ። የቱ ለምን እንደሆነና ሲብስ ምን እንደሚደረግ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይሰጠው።

ይህ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራበት በጽሑፍ ይመልሱልኝ። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤታችሁ አለ።

የአስም ታማሚ ልጅ እናት