የሥራ ዕድል ሪፖርት ከዓመት በኋላ በሥራ ላይ ያለውን ሰው ይቁጠር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በደቡብ ወሎ ዞን፣ በተለይም በኮምቦልቻና በደሴ፣ ስለ ሥራ አጥነት የሚቀርቡ ሪፖርቶች በዓመቱ ውስጥ ለስንት ሰዎች የሥራ ዕድል እንደተፈጠረ ይዘረዝራሉ። ሥራውን ቋሚና ጊዜያዊ ብለው ይከፍሉታል። ቋሚ በተባለው ሥራ የተቀጠረችው ወጣት ከዓመት በኋላ እዚያው መኖር አለመኖሯን ግን አይናገሩም። ይህ ክፍተት የጽሕፈት ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣችሁን ባላስቸገርኩ ነበር፤ ነገር ግን አካባቢያችን ሥራ አጥነትን ለመቀነስ የሚያወጣው ገንዘብና ድካም ፍሬው እንዳይታወቅ ስላደረገው፣ ልትመለከቱት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ኮምቦልቻ ለኢንዱስትሪ እንግዳ ከተማ አይደለችም። ከደርግ ዘመን የቆየ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቢራ፣ የቆዳና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች፣ ደረቅ ወደብ፣ እንዲሁም በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚያደርስ መንገድ አላት። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቆ ከአሜሪካ፣ ከጣልያንና ከኮሪያ የመጡ ባለሀብቶች ሲገቡ፣ ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦና ከአልብኮ ወረዳዎች የመጡ ወጣቶች፣ ከእነርሱም አብዛኞቹ ሴቶች፣ በደመወዝ የሚተዳደሩበት ጊዜ እንደመጣላቸው ተስፋ አድርገው ነበር። ያንን ተስፋ አሁንም ከልቤ እጋራዋለሁ፤ ፓርኩ መሠራቱም ትክክል ነበር።

የተበላሸው ከቅጥሩ በኋላ ያለው ነው። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሐዋሳ ላይ አተኩረው ባወጡት ጥናት፣ የኢትዮጵያ ልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበረና ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ እንደነበር ገልጸዋል። ይህ ለሪፖርት ምን ማለት እንደሆነ ልብ እንበል። በአንድ የስፌት ማሽን ላይ በዓመት ውስጥ ሦስት ልጆች ቢፈራረቁ በመዝገብ የሚሰፍረው ሦስት የሥራ ዕድል ነው፤ በመሬት ላይ ያለው ግን አንድ የሥራ ቦታና ወደ ቤታቸው ወይም ወደ ስደት የሄዱ ሁለት ልጆች ናቸው። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እያደገ ሥራ አጡ የማይቀንስበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ወጣቶቹ ሥራውን ትተው ሲሄዱ በየስብሰባው የሚሰጠው ማብራሪያ የሥራ ባህል ጉድለት ነው የሚል ነው። ይህን አልቀበለውም። ከገጠር የመጣች ልጅ ለሦስትና ለአራት ሆና በተከራየችው አንድ ክፍል እየኖረች፣ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪዋን ከፍላ ለወላጆቿ የምትልከው ካልተረፋት፣ ሥራውን የተወችው ከስንፍና ሳይሆን ሒሳቡን በትክክል አስልታ ነው። በሳውዲ ዓረቢያ የቤት ሠራተኛ በወር ወደ 1,000 ሪያል ታገኛለች፤ ይህም 266 ዶላር ገደማ፣ ማለትም በጥናቱ ከተጠቀሰው መነሻ ደመወዝ አሥር እጥፍ ነው። በዚያ ያለውን እንግልት የወሎ ቤተሰብ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ከተመለሱት ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን መካከልም የአካባቢያችን ልጆች ብዙ ነበሩ። ይህን ሁሉ እያወቀች ከብት አሽጣ የምትሄድ ልጅ ካለች፣ ችግሩ እዚህ ባቀረብንላት ሥራ ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዝቅተኛ ደመወዝ ወለልን የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም መደንገጉን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጦርነት መጣ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ከተማዋ በጦርነት ውስጥ ወደቀች፤ ፋብሪካዎችም ተዘረፉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 23 ደግሞ አሜሪካ ለኢትዮጵያ ሰጥታው የነበረው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ አጎዋ፣ ተቋረጠ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት መንገዱን አስተማማኝ እንዳይሆን አድርጎታል፤ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀውና በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የባቡር መስመርም መደበኛ ጭነት ማጓጓዝ ሳይጀምር ቆሟል። ሰላም ካልሰፈነ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በግማሽ እንደሚቀር አውቃለሁ። ቢሆንም ሰላሙ እስኪመጣ ድረስም ሆነ ከመጣ በኋላ በምን እንደምንመዘን መወሰን በእጃችን ነው።

መለኪያው ቢቀየር የሚቀየረው ብዙ ነው። ባለሥልጣኑ የሚጠየቀው በቀጠረው ሳይሆን በቆየው ሰው ብዛት ከሆነ፣ ከተማ አስተዳደሩ ለፋብሪካ መሬት ሲሰጥ ለሠራተኞች መኖሪያ የሚሆን ቦታም አብሮ ማሰብ ይጀምራል። ገበያውንም ከውጭ ብቻ አይጠብቅም፤ በዞኑና በክልሉ ያሉ ሆስፒታሎች የሚገዙት አንሶላ፣ ትምህርት ቤቶችና የጸጥታ ተቋማት የሚያሰፉት የደንብ ልብስ፣ በግዥ ዕቅድ ተይዞ በአካባቢው ፋብሪካዎችና የልብስ ስፌት ማኅበራት ቢሠራ፣ አጎዋ ቢመለስም ባይመለስም የሚቀጥል ሥራ ይሆናል። በቃሉ ወረዳ የሚመረተው ማሾም በጥሬው ተጭኖ ከሚሄድ እዚሁ ተለቅሞና ተፈጭቶ ቢወጣ፣ ሥራው ከአርሶ አደሩ መንደር ሳይርቅ ይፈጠራል።

ለአነስተኛ ኢንተርፕራይዞችም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በታወጀ ጊዜ ሪፖርቱ ያተኮረው ስንት ወጣቶች ተደራጅተው ብድር እንደወሰዱ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ስንቶቹ ማኅበራት ሥራ ላይ እንደነበሩ፣ ስንቶቹ ብድሩን ተካፍለው እንደተበተኑ በዚያው ትጋት ሲነገር አልሰማሁም። በሚገባ የሠሩት የትኞቹ እንደሆኑ ሳናውቅ ለቀጣዮቹ ምን ዓይነት ሥልጠናና ስንት ብር እንደሚያስፈልግ ልናውቅ አንችልም።

እያንዳንዱን ተቀጣሪ መከታተል ከባድ ወጪ አለው የሚል መልስ እንደሚሰጥ እገምታለሁ። ለፋብሪካዎቹ ግን አዲስ ጥናት አያስፈልግም። በግል ድርጅት የተቀጠረ ሠራተኛ የጡረታ መለያ ቁጥር አለው፤ በየወሩም ከደመወዙ ሰባት በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪውም 11 በመቶ ያዋጣል። በሐምሌ የተቀጠረው ሰው በቀጣዩ ሐምሌ መዋጮ እየተከፈለለት መሆን አለመሆኑን ከመዝገቡ ማየት ይቻላል፤ የግለሰቦችን ስም ይፋ ማድረግም አያስፈልግም፣ በየፋብሪካው ድምሩ ብቻ ይበቃል። ለማኅበራቱ ደግሞ የንግድ ፈቃድ እድሳትና የብድር አመላለስ መረጃ አለ። እነዚህን መዝገቦች ማገናኘት የሥራና ክህሎት መዋቅሩን ፈቃደኝነትና ከሚመለከታቸው ተቋማት ጋር አንድ ስምምነት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ስለዚህ የዞኑና የከተሞቹ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶች በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሪፖርታቸውን ሲያቀርቡ፣ ከአዲሶቹ ተቀጣሪዎች ቁጥር አጠገብ ባለፈው ዓመት ከተቀጠሩት መካከል በሥራ ላይ ያሉትን፣ ወንድና ሴት ለይተው እንዲያስፍሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጋዜጣችሁም ሪፖርቱን ሲዘግብ ይህንኑ ቁጥር እንዲጠይቅልን አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኮምቦልቻ ነዋሪ