ደብዳቤ ለልጄ፦ ሞያሌ ከመሄድሽ በፊት

ሚሚዬ፣

በቃል ልነግርሽ ሦስት ቀን ሞከርኩ፤ እናትሽ ከአጠገባችን አልጠፋ አለች። አሁን ጊዮርጊስ ልትሳለም ስትወጣ ነው ብዕር ያነሳሁት። ከሊብሬው ጋር አስቀምጥልሻለሁ።

ከጓደኞችሽ ጋር ኬንያ፣ ማርሳቢት ደርሰሽ ተመለሺ፤ አልከለክልሽም። በማታ ግን አትንጂ።

መንገዱ እንደኔ ጊዜ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. ከሞያሌ ወዲያ ጠጠርና አቧራ ነበር፤ አሁን አስፋልት ነው። የጋራ ኬላውም በ2013 ከተመረቀ ወዲህ የሁለቱ አገር ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ይጨርሱልሻል። እኔ የተሻገርኩት በእግሬ፣ ለአንድ ቀን ነው። ሻይ ቤት ገብቼ ሰዓት ብጠይቅ ሰውዬው «ሳ ሞጃ» አለኝ፤ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። ለካ በስዋሂሊም እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጠረው! ቦረናውም ወዲህም ወዲያም አንድ ቋንቋ ነው የሚናገረው። ደስ ብሎኝ ዋልኩ። የከበደኝ የመኪናው ግራ መያዝ ብቻ ነው። ኬላውን እንዳለፍሽ ግራሽን ያዢ፤ በተለይ ነዳጅ ቀድተሽ ስትወጪ፣ ሰው የሚረሳው ያን ጊዜ ነው።

ስመለስ ከአጎትሽ ጋር ነበርን። ሰማንያ ቀንሽ ሊሞላ፣ ክርስትና ልትነሺ ሁለት ቀን ቀርቶሻል። «ሜጋ እንደር» አለኝ። እምቢ አልኩ። ከሜጋ ወደ ያቤሎ ስንሄድ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ከኤላ፣ ከቦረናው የውሃ ጉድጓድ፣ የሚመለሱ ከብቶች መንገዱ ላይ ነበሩ። አላየኋቸውም። አንዲት ላም መታሁ። ከኋላዋ በትር የያዘ ልጅ ቆሟል፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። መብራቱ ፊቱ ላይ ሲያርፍበት አየሁት። አልቆምኩም፣ የኔ እናት። አጎትሽ «ቁም!» እያለኝ ነዳሁ። ለክርስትናሽ ደረስኩ። የተሰበረውን የፊት መብራት «ድንጋይ ነው» ብዬ ለእናትሽ ነገርኳት፤ እስከ ዛሬም ድንጋይ እንደሆነ ነው የምታውቀው። ያ ልጅ ያን ማታ ቤቱ ገብቶ ለአባቱ ምን እንዳለው አስባለሁ። አንቺ አሥር ዓመት ሲሞላሽማ በየቀኑ አሰብኩ።

ስለዚህ በማታ አትንጂ። ከዘገያችሁ ዲላ እደሩ፤ «ያቤሎ እንደርሳለን» የሚል ጓደኛ ካለ ቁልፉን አትስጪው።

ስኮርታው ነፋስ አጥሮት ነበር፤ ፒያሳ ጎሚስታው ጋ አስሞልቼዋለሁ። ክሪኩ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ቢጫ ካርድ ሁለት ነው፣ እንዳይምታታብሽ፦ አንዱ ያንቺ የቢጫ ወባ ክትባት፣ አንዱ የመኪናዋ የኮሜሳ ኢንሹራንስ። ከሞያሌ ማርሳቢት ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሀሉ የዲዳ ጋልጋሉ በረሃ፤ ውሃ በጄሪካን ያዙ። እናትሽ በሶ ቋጥራልሻለች፣ «አይበቃም ወይ» ብለሽ እንዳትመልሺባት።

ከብት ብትነኪ ቁሚ። ብትፈሪም፣ ሰው ቢሰበሰብም ቁሚ፤ ሽማግሌ ጥሪ፣ ክፈዪ። ፖስታው ውስጥ ያለው ብር ለዚያ ነው፤ ለሌላ እንዳትነኪው።

ለእናትሽ ራሴ እነግራታለሁ፤ አንቺ አትቅደሚኝ። ያቤሎ ስትገቢ ደውዪልኝ። በቀን።

አባትሽ