«ስንት ጊዜ ቀረው?» ሲባል አንድ ቁጥር አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

«ሐኪሞች ስድስት ወር ነው የቀረህ አሉት» የሚል ነገር በየጊዜው ይነበባል። ሰውየው ሁለት ዓመት ከኖረ ተአምር ይባላል፤ በወሩ ካረፈ ሐኪሙ ዋሸ ይባላል። ሁለቱም ቅሬታዎች የሚመነጩት አንድ ነጠላ ቁጥር ከመነገሩ ነው።

«ስድስት ወር» አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛ ቁጥር ነው። ከመቶ ተመሳሳይ ሕመምተኞች ሃምሳው ከዚያ ቀድመው፣ ሃምሳው ከዚያ በኋላ ይሞታሉ ማለት ነው እንጂ ቀጠሮ አይደለም። በተስፋፋ ካንሰር ላይ የሚሠራ ቀላል ስሌት አለ፦ መካከለኛው 6 ወር ከሆነ ግማሽ ያህሉ ሕመምተኞች ከ3 እስከ 12 ወር ይቆያሉ፤ ከአሥሩ አንድ ያህሉ ወር ተኩል እንኳ አይሞላውም፤ ሌላው አንድ ደግሞ 18 ወር ያልፋል። ለቤተሰብ መነገር ያለበት ይህ ስፋት ነው።

ሐኪሞች ሲሳሳቱ በብዛት የሚሳሳቱት ወደ ተስፋው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በብሪትሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ የቺካጎ ጥናት 468 ሕመምተኞችን ተከታትሎ ከግምቶቹ ትክክል ሆኖ ያገኘው 20 በመቶውን ብቻ ነበር። 63 በመቶው ጊዜውን አርዝሞታል። የሚገርመው፣ ሕመምተኛውን ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው ሐኪም ግምት ይበልጥ የሳተ መሆኑ ነው። ስለዚህ ውሳኔው ከባድ ሲሆን በሽተኛውን አዲስ የሚያየው ሐኪምም ይጠየቅ፤ ነርሷም ትጠየቅ።

አልጋው አጠገብ የሚታየውን በነጥብ የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ የተዘጋጀው መለኪያ አምስት ነገር ያያል፦ የመንቀሳቀስ አቅም፣ አመጋገብ፣ የሰውነት እብጠት፣ ተቀምጦም ሆነ ተኝቶ የማይለቅ የትንፋሽ ማጠርና መቃዠት (በሕመም ምክንያት አእምሮ ሲዛባ)። ሙሉ በሙሉ አልጋ ላይ የዋለ ሰው 2.5 ያገኛል፤ ጥቂት ጉርሻ ብቻ የሚወስድ ከሆነ ሌላ 2.5፤ እግሩ ካበጠ 1። ድምሩ 6 ነው። በዚያ ላይ ሳይንቀሳቀስም ትንፋሽ ካጠረው 3.5 ተጨምሮ 9.5 ይሆናል። ከ6 በላይ ሲሆን የቀረው ጊዜ ከሦስት ሳምንት ያነሰ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። መቃዠት ብቻውን 4 ነጥብ አለው፤ ነገር ግን ከአንድ መድኃኒት የመጣ መቃዠት አይቆጠርም።

ብዙ ስህተት የሚፈጠረውም እዚህ ነው። በደም ውስጥ የካልሲየም መብዛት፣ ኢንፌክሽን፣ የፈሳሽ ማነስ፣ የሽንት መቋጠር፣ ኩላሊት ሲደክም በሰውነት የተጠራቀመ ሞርፊን (ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ)፦ እነዚህ ሁሉ ሰውን ያደነዝዛሉ፣ የሚሞት ያስመስላሉ፤ ብዙዎቹ ግን ይታከማሉ። እነሱ ሳይጣሩ ነጥብ መደመር ዋጋ የለውም።

መለኪያው ባይኖር የለውጡን ፍጥነት ማየት ይጠቅማል። በወር በወር የሚዳከም ሰው የቀረው ወራት ነው፤ በሳምንት በሳምንት ከሆነ ሳምንታት፤ ትናንት ተደግፎ ይቀመጥ የነበረው ዛሬ መገላበጥ ካቃተው ቀናት። ይህ ለካንሰር በደንብ ይሠራል። የልብ ድካምና የሳምባ በሽታ ያለባቸው ግን ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ፣ እንደገና ይወድቃሉ፤ የትኛው መውደቅ የመጨረሻው እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ያስቸግራል። ለእነዚህ ቤተሰቦች «በሚቀጥለው ሕመም ላይነሣ ይችላል» ማለት ከማንኛውም ቁጥር የበለጠ እውነት ነው።

አነጋገሩም ቢታሰብበት። አስቀድሞ «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ ሕመምተኛውን ራሱን መጠየቅ ይገባል፤ አንዳንዱ ራሱ መስማት አይፈልግም፣ ለልጁ እንዲነገር ይወዳል። ከዚያ «ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት እንገምታለን፤ ሊያጥርም ሊረዝምም ይችላል፤ በየሁለት ሳምንቱ እናየዋለን» ማለት ይቻላል። የተነገረውም በካርዱ ላይ ይጻፍ፤ አለዚያ የሌሊቱ ተረኛ ሐኪም ሌላ ቁጥር ይናገራል።

ከአክብሮት ጋር፣
የማስታገሻ ሕክምና ባለሙያዎች