ከኤም ኤስ ጋር እየኖርሽ ክብደት ስለ መቀነስ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ ሰላማዊት፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ አባትሽም ወንድምሽም ሰላም ብለውሻል። ባለፈው በስልክ ስናወራ፣ የነርቭ ሐኪምሽ ክብደት ብትቀንሺ ለእግርሽም ለድካምሽም እንደሚበጅሽ እንደነገረችሽ፣ አንቺም ከዚያ ወዲህ ስለ ሦስት ዓይነት የአመጋገብ ሥርዓት አንብበሽ የትኛውን እንደምትይዢ እንደቸገረሽ አጫውተሽኝ ነበር። ይህ በስልክ ተነጋግረን የምንጨርሰው ጉዳይ ስላልሆነ፣ ዕድሜዬንም በነርስነት ስላሳለፍሁ፣ የማውቀውንና የማምንበትን በጽሑፍ ላድርስሽ ብዬ ተቀመጥሁ። ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ምግብሽን ስትመርጪ «በሽታዬን የሚያድንልኝ የቱ ነው?» ብለሽ አትነሺ፤ «ሰውነቴ አልታዘዝ ባለኝ ቀን እንኳ ልቀጥልበት የምችለው፣ ከመድኃኒቴም ጋር የማይጋጨው የቱ ነው?» ብለሽ ተነሺ።

በሽታውን ኖረሽበታልና አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ክብደት ከእሱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን ላስረዳሽ። በኤም ኤስ፣ በሙሉ ስሙ በመልቲፕል ስክለሮሲስ፣ የበሽታ መከላከል ሥርዓታችን በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉትን ነርቮች እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ የሚሸፍነውን ማየሊን ያጠቃል። ስብ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም፤ በተለይ በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸው ብግነትን፣ ማለትም የሰውነት መቆጣትን፣ የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃል። በልጅነትና በጉርምስና ዕድሜ ከመጠን በላይ መወፈር ኋላ በኤም ኤስ የመያዝን ዕድል ከፍ እንደሚያደርግ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ በሽታው ከያዘ በኋላም ትርፍ ክብደት ጉልበትንና ሚዛንን ይፈትናል፣ ድካሙንም ያከብደዋል። ስለዚህ ሐኪምሽ የነገረችሽ ነገር ስለ መልክና ስለ ቁመና አይደለም።

ይህን ስል ግን ጥፋቱ የአንቺ ነው ማለቴ እንዳይመስልሽ። በሽታው ባገረሸብሽ ጊዜ የተሰጠሽ ስቴሮይድ፣ ብግነት የሚያበርደው መድኃኒት፣ የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል፣ ውሃም በሰውነት ውስጥ ይይዛል፤ ድካሙ ደግሞ ከእንቅስቃሴ ያግዳል። የጨመርሽው ኪሎ ከበሽታውና ከሕክምናው ጋር የመጣ ነው እንጂ የስንፍና ውጤት አይደለም። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ፣ ራሱን የሚወቅስ ሰው ራሱን በረሃብ ወደ መቅጣት ስለሚሄድ፣ ያ ደግሞ ስብሽን ብቻ ሳይሆን ጡንቻሽንም ስለሚወስድ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ የአመጋገብ ሥርዓቶች ልምጣ፤ ዓመቶቹን የምጽፍልሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የመጀመሪያው ዶክተር ሮይ ስዋንክ በ1940ዎቹ መጨረሻ በካናዳ፣ በሞንትሪያል የጀመሩት ነው። በቀን የሚበላው የሚረጋ ስብ፣ ማለትም የቅቤና የሥጋ ስብ ዓይነቱ፣ ከ15 ግራም እንዳይበልጥ ያዛል። እኚህ ሐኪም ሕሙማኖቻቸውን ለ34 ዓመታት ያህል ተከታትለው ውጤቱን በ1990 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳትመዋል፤ ሥርዓቱን በሚገባ የጠበቁት የተሻለ እንደቆዩም ጽፈዋል። ልፋታቸው ሊከበር ይገባዋል፤ ነገር ግን ሥርዓቱን ከማይከተል ሌላ ቡድን ጋር በዕጣ ተከፍሎ የተነጻጸረ ስላልሆነ፣ የተሻላቸው በምግቡ ይሁን በሌላ ምክንያት ለይቶ ለመናገር አይቻልም። ከእኛ ማዕድ ጋር ስታስተያዪው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻ የቀኑን 15 ግራም ይሞላዋል። አንድ ክትፎ ምን ያህል ቅቤ እንደሚጠጣ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ሁለተኛው የዶክተር ቴሪ ዋልስ ነው። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ናቸው፤ ራሳቸው በ2000 ኤም ኤስ እንዳለባቸው ታውቆ እስከ ተሽከርካሪ ወንበር ከደረሱ በኋላ እንደገና ለመራመድ በቅተዋል። የእሳቸው ሥርዓት በቀን እስከ ዘጠኝ ስኒ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ከዚያም ሥጋና ዓሣ እንዲበላ ይመክራል፤ ስንዴን፣ ወተትንና እንቁላልን ይከለክላል፣ ጥራጥሬንና ሌላውንም እህል በጣም ይገድባል። ታሪካቸው ልብ የሚነካ ነው፤ እኔም ሳነበው አልቅሻለሁ። ሆኖም እሳቸው ምግቡን ሲቀይሩ የሰውነት እንቅስቃሴና ጡንቻን በኤሌክትሪክ የማነቃቃት ሕክምናም አብረው ያደርጉ ስለነበር ለውጡን ሁሉ ለምግቡ ብቻ መስጠት ይከብዳል። በ2021 የታተመ፣ የእሳቸውን ሥርዓትና የስዋንክን ያነጻጸረ ጥናት ሁለቱም ድካምን እንደቀነሱ አሳይቷል። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ይነግረኛል፦ አንዱ ሥጋ እየበላ፣ አንዱ ሥጋ እየሸሸ ሁለቱም ከተጠቀሙ፣ የጋራቸው የሆነው ነገር፣ ማለትም አትክልት ማብዛትና በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብን መተው፣ ከልዩነታቸው ይልቅ ሳይጠቅም አልቀረም።

ሦስተኛው፣ ጓደኛሽ የመከረችሽ ኪቶ፣ እህልን ከሞላ ጎደል ትቶ በስብ መኖር ነው። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ 65 የኤም ኤስ ሕሙማን ለስድስት ወር ሞክረውት ክብደታቸውም ድካማቸውም እንደቀነሰ በ2022 ታትሟል፤ ይህም እንደ ስዋንክ ሥራ የሚነጻጸርበት ሌላ ቡድን አልነበረውም። አይረባም አልልም። ነገር ግን ከእንጀራና ከሽሮ ጋር ላደገ ሰው፣ ይልቁንም ዐቢይ ጾም 55 ቀን ለሚጾም ሰው፣ በምን በኩል እንደሚቀጥል አይታየኝም። ሥጋም እንቁላልም ዓይብም በሌለበት ወራት እህልና ጥራጥሬ ከተከለከልሽ የሚቀርሽ ጎመንና ዘይት ነው።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ፣ ከሐኪምሽና እዚያ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ካለ የሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ተማክረሽ፣ የራሳችንን የጾም ማዕድ መሠረት አድርገሽ ማስተካከል ነው። ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ባቄላው፣ ጎመኑ፣ ተልባው፣ ጤፉ አሰር (ፋይበር) የበዛባቸው ናቸው፤ አሰር ያጠግባል፣ ብዙ የኤም ኤስ ሕሙማንን የሚያስቸግረውን የሆድ ድርቀትም ያቀላል። ተልባ ደግሞ ከኦሜጋ 3 ቅባቶች አንዱን በብዛት ይዟል። የሚረጋ ስብ በጾም ማዕድ ላይ እጅግ ጥቂት ስለሆነ የስዋንክን ልክ ሳትቆጥሪው ትጠብቂዋለሽ።

«ታዲያ ጾመኛው ሁሉ ለምን አይቀጥንም?» ትዪኝ ይሆናል። ዘይቱ ነው ልጄ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ እኛ ደግሞ ከጠርሙሱ ቀጥታ ወደ ድስቱ እንገለብጣለን፣ ወጡ ዘይት ካልተንሳፈፈበት የተሠራም አይመስለን። አያትሽ ትሠራ የነበረውን አስታውሺ፦ ቀይ ሽንኩርቱን በደንብ አድቅቀሽ ያለ ዘይት በደረቅ ድስት በትንሽ እሳት አብስዪው፤ መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ እያደረግሽ አማስዪው፤ ሽንኩርቱ ቀልጦ ሲያበቃ በርበሬውን ጨምሪና አቁላይው፤ ዘይቱን መጨረሻ ላይ በማንኪያ ለክተሽ፣ ለአራት ሰው ድስት ሁለት ማንኪያ ብቻ ጠብ አድርጊበት። ጣዕሙ ከሽንኩርቱና ከቅመሙ ስለሚመጣ አይጎድልም። እንጀራውንም መቀነስ አይቀርም፤ አንድ ሙሉ ይቀርብልሽ ከነበረ ግማሹን ውሰጂና ወጡንና ጎመኑን አብዢ። እዚያ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የሌላ እህል ዱቄት ስለሚቀላቀልበት ሻጩን ጠይቂ። ቡናሽን አልከለክልሽም፤ በየስኒው የምትጨምሪውን ስኳር ግን ተዪው፣ ፊኛሽ ካስቸገረሽም ከአቦሉ አትለፊ።

የጾም ማዕድ የሚጎድለው ነገር አለ፣ እሱን መሸፈን ግድ ነው። ቫይታሚን ቢ 12 ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከአትክልት አይገኝም፤ እጥረቱ ራሱ እጅና እግርን ያደነዝዛል፣ ሚዛንን ያሳጣል፣ ስለዚህ አንቺ ላይ ቢደርስ በሽታው የባሰ ይመስላል። በደም ምርመራ ይለካልሽ። ቫይታሚን ዲም እንዲሁ፤ በእኛ የቆዳ ቀለም በሜሪላንድ ክረምት ከፀሐይ የሚበቃውን ማግኘት አይቻልም፣ ዝቅተኛ መጠኑም ከኤም ኤስ ጋር ተያይዞ ከሚነሡት ነገሮች አንዱ ነው። ሐኪምሽ ያዘዘችውን መጠን ውሰጂ እንጂ በራስሽ አትጨምሪ፤ ከልክ ያለፈው በደም ውስጥ ካልሲየምን ከፍ አድርጎ ኩላሊትን ይጎዳል። ከጾሙ ወራት ውጭ ዓሣና እንቁላል ብዪ። ጥሬ ክትፎና ጥሬ ሥጋ ግን፣ የምትወስጂው መድኃኒት የመከላከል አቅምሽን የሚቀንስ እስከሆነ ድረስ፣ በማንም ሠርግ ላይ ቢሆን ይቅርብሽ፤ ያልተፈላ ወተትና ከእሱ የወጣ ዓይብም እንዲሁ።

ስለ ጾሙ ሰዓት ልለይልሽ እፈልጋለሁ። የጾም ምግብ መብላት አንድ ነገር ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ መዋል ሌላ ነው። ሰዓት ለይቶ መብላት በኤም ኤስ ሕሙማን ላይም በትንንሽ ጥናቶች ተሞክሮ ክብደት እንደሚቀንስ ታይቷል፤ ያንቺ መድኃኒት ግን ጠዋትና ማታ የሚዋጠው ዳይሜቲል ፉማሬት ስለሆነ፣ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ሆድ መረበሹና ፊት ማቃጠሉ ይብሳል። የጠዋቱን መድኃኒት ለሰዓቱ ብለሽ እንዳታሳልፊ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው መንገድ አላት፤ ለንስሐ አባትሽ ሁኔታሽን ንገሪያቸው፣ ቁርስሽን በልተሽ በምግቡ እንድትጾሚ ይፈቅዱልሻል ብዬ አምናለሁ። ውሃም አትቀንሺ። ሽንት ቶሎ ቶሎ ስለሚመጣብሽ ውሃ ትሸሺያለሽ፣ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የወፈረ ሽንት ፊኛን ይበልጥ ያስቆጣል፣ ኢንፌክሽንም ይጋብዛል፣ ኢንፌክሽን ደግሞ የድሮ ምልክቶችሽን ሁሉ ይቀሰቅሳል።

ለሽያጭ የሚቀርቡልሽን የማቅጠኛ ሻዮች አትንኪ። ብዙዎቹ ሰና የተባለው የሚያስቀምጥ ቅጠል አለባቸው፤ የሚያወጡት ውሃና ፖታሲየም ነው፣ ስቡ ባለበት ይቀራል፣ የፖታሲየም ማነስም ጡንቻን ያደክማል። እንደ ሴማግሉታይድ ያሉት ክብደት መቀነሻ መርፌዎች ለብዙ ሰው ጠቅመዋል፤ የምግብ ፍላጎትን ሲዘጉ ግን ጡንቻም አብሮ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ውሳኔው የሐኪሞችሽ ይሁን፣ የጓደኛ መርፌ አይሁን። ኤም ኤስ ላለበት ሰው የእግር ጡንቻ ከሚዛኑ ቁጥር ይበልጣል። በሳምንት ከግማሽ ኪሎ አትለፊ፤ ከክብደትሽ አምስት በመቶ፣ ማለትም ከ80 ኪሎ አራት ኪሎ ብትቀንሺ እንኳ ለጤናሽ ብዙ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የሰጠችሽን ከወንበር የመነሣትና የመቀመጥ ልምምድ በማለዳው ቀዝቃዛ ሰዓት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አጠገብሽ አድርገሽ ሥሪ፤ ሙቀት ምልክቶችሽን እንደሚያባብስ ታውቂያለሽና።

የቀረው፣ ከሁሉም በላይ የማስብበት፣ የደከመሽ ቀን ነው። ክብደት የሚጨምረው በዚያ ቀን ነው፣ ምክንያቱም ያኔ የሚበላው በስልክ ታዝዞ የመጣው ነው። ስለዚህ ጉልበት ባለሽ ቀን ተቀምጠሽ ከትፊ፤ ቆሞ መክተፍ ግዴታ አይደለም። ምስሩን፣ ክኩን፣ ጎመኑን አንድ አንድ ሰው በሚያጠግብ ዕቃ እየከፈልሽ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢ፣ በላዩም ስሙን ጻፊበት። ባለቤትሽም አንድ ድስት ይማር፤ ሽሮ ለመሥራት የሚያቅተው ሰው የለም፣ እሱም ደስ እያለው ይሠራል።

ቀጠሮሽ ከጾሙ በፊት ስለሆነ ቢ 12ና ቫይታሚን ዲ እንዲለኩልሽ፣ የመድኃኒትሽን ሰዓትም እንዲያስተካክሉልሽ ጠይቂ፤ ውጤቱን እንደወጣ ላኪልኝ። የጎረቤታችን ልጅ በሚቀጥለው ወር ወደዚያው ስለምትመለስ ሽሮውን፣ በርበሬውንና የተቆላ ተልባ በእሷ እልክልሻለሁ፤ ሌላ የምትፈልጊው ካለ ከመሄዷ በፊት ንገሪኝ።

የምትወድሽ እናትሽ