ለጎንደር ልጆች አንድ ክፍል እንሥራ፦ የድጋፍ ጥሪ

የጎንደር ልጆችና የጎንደር ወዳጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምለምናችሁ ለአንዲት ክፍል ነው። ስድስት በአምስት ሜትር የሆነች፣ የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላት፣ መብራት የገባላት፣ በሯ የሚቆለፍ ክፍል። ቦታው አለ። የሰፈራችን እድር ከአዳራሹ ጎን ያለውን ባዶ መሬት ለልጆቹ ፈቅዷል። የቀረው መሥራቱ ነው።

ልጆቹ የምላችሁ በየቅዳሜው የሚሰበሰቡትን የሮቦቲክስና የኮዲንግ ክበብ ተማሪዎች ነው። እኔ የአይሲቲ መምህር ነኝ፤ ቅዳሜዬን ከእነሱ ጋር አሳልፋለሁ። እስካሁን የምንሠራው በእድሩ አዳራሽ ጥግ ላይ ነው። እድሩ ኪራይ ጠይቆን አያውቅም፤ እግዜር ይስጥልን። ግን እድር እድር ነው። ለቅሶ ሲኖር ወንበሩና ድስቱ ይወጣል፣ እኛም ሽቦአችንን ጠቅልለን እንወጣለን። መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። በግማሽ የተሠራ ሮቦት በካርቶን ተጭኖ ከቤት ቤት ሲዞር ገመዱ ይነቀላል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራው ከ«ሀ» ይጀመራል።

ልጆቹ ምን እየሠሩ እንደሆነ በአንዲት ተማሪ ላሳያችሁ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ኮዲንግ የጀመረችው በእናቷ ስልክ ነው። ኮዲንግ የሚያስተምረው «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ፕሮግራም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሲጀመር ትምህርቱ በኦንላይን በነፃ ስለሆነ ተመዘገበች። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ትንሽ እንደቻለች «ምን ልሥራበት?» ብላ መጣች። ብዙ ልጅ እዚህ ላይ ጌም እሠራለሁ ይላል። እሷ ግን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ መሪጌታውን ባሕረ ሐሳብ አስተምሩኝ አለቻቸው።

ባሕረ ሐሳብን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት፣ አጽዋማትና በዓላት መቼ እንደሚውሉ አባቶቻችን የሚያሰሉበት ነው። ያለንበትን 2018 ዓ.ም. እንውሰድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ያለው ዓመት) 7518 ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። «አሐደ አእትት ለዘመን» (ለዘመኑ አንድ ቀንስ) ተብሎ አንዱ ይተዋል፤ የሚቀረው ወንበር ይባላል፣ 12 ይሆናል። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ የሚባለው ቁጥር 18 ይወጣል። 18 ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ነው። ዕለቱ እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 7 ነው። 18 እና 7 ሲደመሩ 25፣ ይህ አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት መባጃ ሐመር ነው። ስለዚህ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። «በ30 ሲገደፍ» የሚሉት በፓይተን አንዲት ምልክት ናት፤ አካፍሎ የሚተርፈውን ብቻ ትሰጣለች። ተማሪዋ ይህን ስታይ እንዴት እንደተደሰተች ብታዩ!

ፕሮግራሙን ጽፋ ላፕቶፕ ይዛ ወደ መሪጌታው ሄደች። ያለፉትን ዓመታት አንድ በአንድ ይጠይቋታል፣ እሷም ታወጣለች። 2006 ላይ ሲደርሱ ግን ፕሮግራሙ መጥቅዕ ዜሮ አለ። መሪጌታው ሳያሰሉ ነው የያዟት። «የለም ልጄ፣ ወንበር ባዶ ሲሆን መጥቅዕ 30 ነው» አሏት። «እሺ የኔታ» ብላ እዚያው ፊታቸው ቁጭ ብላ አንድ መስመር ጨመረች። እንደገና ስታስኬደው ነነዌ የካቲት 3 ሰኞ፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12 መጣ። ትክክል ነው። ያን ቀን ከኮምፒውተር ሳይንስም ከአብነት ትምህርትም ተማረች፤ እኔ በክፍል ውስጥ በብላክቦርድ የማልሰጣትን ትምህርት ነው ያገኘችው።

አሁን የያዘችው ሮቦት ነው። ሌሎቹም ልጆች ገብተውበታል። በሰፊ ነጭ አቡጀዲ ላይ የጎንደርን ካርታ ሣሉ። መንገዱ ጥቁር ናስትሮ ነው። ትንሿ ባለ ጎማ ሮቦት ከሥሯ ኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየው ብርሃን) የሚልኩና የሚቀበሉ ዳሳሾች አሏት። ነጩ ጨርቅ ብርሃኑን ይመልሰዋል፣ ጥቁሩ ናስትሮ ይውጠዋል። አርዱይኖው (ሮቦቷን የሚመራው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ) በዚህ ልዩነት ግራ ቀኝ እያረመ መስመሩን ይከተላል። ከፋሲል ግቢ ተነሥታ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከዚያ ወደ ፋሲል መዋኛ፣ ከዚያ ወደ ቁስቋም ትሄዳለች። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆማ የአንድ የሰፈራችንን ሽማግሌ ድምፅ ታሰማለች።

ድምፆቹን የቀዱት ልጆቹ ናቸው። የፋሲል መዋኛውን የሚተርኩት አባት ውሃው ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ እንዴት እንደሚገባ፣ ዋርካዎቹ ሥራቸውን በግንቡ ላይ እንዴት እንደዘረጉ ይናገራሉ። የቁስቋሙ ላይ አንዲት እናት ስለ እቴጌ ምንትዋብ ያወራሉ። አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 እ.ኤ.አ. መናገሻ እንዳደረጓት፣ ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መመዝገቡን ማንም ከመጽሐፍ ያገኘዋል። ጥምቀትም በ2019 እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል። የእነዚህ እናትና አባት ድምፅ ግን ዛሬ ካልተቀዳ የለም። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ልጆቹ መቅዳት የሚፈልጓቸው ብዙ አረጋውያን አሉ፤ መቅጃውም ጸጥ ያለ ቦታውም ግን የለንም። በአዳራሹ ውስጥ ስንቀዳ የቆርቆሮው ጩኸትና የመንገዱ ባጃጅ ይገባል።

ሮቦቷን ለወላጆች ለማሳየት ግቢ አውጥተናት ነበር። ፀሐይ ላይ መስመሩን መያዝ አቃታት። የፀሐይ ብርሃን ራሱ ኢንፍራሬድ አለበት፤ ዳሳሾቹ ነጩንና ጥቁሩን መለየት ተሳናቸው። ልጆቹ በካርቶን ጥላ ሠርተውላት ጥቂት ተሻላት። እንዲህ ዓይነት ነገር ደጋግሞ የሚሞከርበት፣ ጠረጴዛው እንደተዘረጋ የሚያድርበት ቦታ ነው የሚያስፈልጋቸው።

ባለፉት ዓመታት በክልላችን ትምህርት ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ፣ ኢንተርኔት ለስንት ወር እንደጠፋ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ክፍሏ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ትምህርት በሃርድ ዲስክ ይኖራል። ለመብራት መቋረጥ ደግሞ ባትሪና ኢንቨርተር እንፈልጋለን። እስካሁን ሮቦቶቹ የሚሄዱት ከሞቱ ላፕቶፖች አውጥተን እየፈተሽን በለየናቸው ባትሪዎች ነው።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ። የመጀመሪያው ግንባታው ነው፦ ብሎኬት፣ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ በርና መስኮት። ገንዘብ የሌለው የሙያ እጁን ይስጠን። ሁለት ግንበኞችና አንድ ኤሌክትሪሺያን ያለ ክፍያ እንሠራለን ብለው ቃል ገብተውልናል። አናጢ ይቀረናል።

ሁለተኛው ዕቃው ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ አልተቀመሰም። አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ እስራኤል፣ ዓረብ አገር ላላችሁ ወገኖቻችን ይህ ቀላል ነው። ቤታችሁ ውስጥ የተቀመጠ የሚሠራ ላፕቶፕ ካለ፣ አሮጌም ቢሆን ይበቃናል። አሥር አርዱይኖ ኡኖ፣ ትንንሽ ሞተሮች፣ የርቀት ዳሳሾች፣ ሽቦ መበየጃ፣ አንድ ጥሩ የድምፅ መቅጃ። ለበዓል የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ጥግ ላይ ይገባል። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ግን በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት። ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ የምትልኩ ካላችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ንገሩን፤ የቀረጡን ነገር አጣርተን እንመልስላችኋለን።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ ልናገር፤ መጠየቃችሁም ተገቢ ነው። ሒሳቡ የተከፈተው በእድሩ ስም ነው። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ ብር አይወጣም፦ የእድሩ ገንዘብ ያዥ፣ አንዲት የወላጆች ተወካይ እናትና እኔ። ለእያንዳንዱ ግዢ ደረሰኝ ይያዛል፤ በየወሩ ደረሰኙ ፎቶ ተነሥቶ ለሰጡት ሁሉ ይላካል። ቁልፉ በእድሩ እጅ ይሆናል። ክፍሏ የእኔም የአንድ ትምህርት ቤትም አይደለችም፤ የሰፈሩ ናት። የየትኛውም ትምህርት ቤት፣ የየትኛውም እምነት ልጅ ይገባባታል።

መሠረቱን ክረምቱ እንደወጣ መስከረም ላይ ለመጣል አስበናል። ስለዚህ የገንዘብ ድጋፉን እስከ ነሐሴ መጨረሻ ብታደርሱልን ሲሚንቶውን በአንድ ጊዜ እንገዛለን። የሒሳብ ቁጥሩን የእድሩ ጸሐፊ ይሰጧችኋል፤ ሩቅ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ላፕቶፕ የሚልክ ሰው ቻርጀሩን አብሮ ይላክ፤ እዚህ የሚገጥም ማግኘት ፈተና ነው። ጎንደር ያላችሁ ደግሞ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ አዳራሹ ጎራ በሉ። ልጆቹ ሮቦቷን አስነሥተው ያሳዩአችኋል፤ የምታውቁት ታሪክ ካለም ተቀምጣችሁ ትቀዱልናላችሁ።