ቁርጥማት ነው ያልንሽ

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የአንገትሽ ስፌት ደርቋል አለችኝ ታናሼ። ግን ጾም ገባ ብለሽ ክኒኑን ትተሻል አሉ። በስልክ ስጀምረው እንባ ስለሚቀድመኝ ነው የምጽፍልሽ፤ እሷው ታነብልሻለች።

ቁርጥማት ነው ያልንሽ ውሸት ነበር። ጭንሽና ጎድንሽ ላይ የተቦረቦረውን በፎቶ ያየው ሐኪም «ዕጢ ነው፣ ከሌላ ቦታ የተሰራጨ ይመስላል» ሲለን፣ ኮሪደሩ ላይ ተማክረን ላንቺ እንዳይነገር ወሰንን። አንቺ ግን ሳይገባሽ አልቀረም። ጥልፍ ቀሚስሽን ለኔ፣ የብር መስቀሉን ለታናሼ ስታወጪ «ሳጥኑን ላቅልል ብዬ ነው» አልሽ። እንዲህ እየተዋሸን ሁለት ወር ኖርን። ይቅር በይን።

ከአጥንትሽ የተወሰደውን ናሙና የመረመረችው ሐኪም ናት «ካልሲየሟ ተለክቷል?» ያለችው። ማንም አልለካውም። ሲለካ 13.4፤ ከ10.5 ማለፍ አልነበረበትም። ያ የኩላሊት ጠጠርሽ፣ ያ የማይቆርጥልሽ ጥማት፣ ለካ ሁሉም አንድ ነገር ኖሯል።

ቃሉ ነው የጎዳን። እብጠቱም ዕጢ፣ እግዜር አንገታችን ውስጥ ያስቀመጣቸውም ዕጢ። ከእንቅርት ቦታ ኋላ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ አራት አሉ፤ የደምን ካልሲየም ይቆጣጠራሉ። ያንቺ አንዷ አብጣ ያለ ልክ ስታዝ ካልሲየሙ ከአጥንትሽ እየተሟጠጠ ወደ ደምሽ ገባ። በተቦረቦረው ቦታ የፈሰሰ ደም ሲቆይ መልኩን ስለሚለውጠው «ቡናማ ዕጢ» ይሉታል። (ሦስቱንም ሲኒ ስለምትጠጪ አይደለም፣ ጠይቄያለሁ።) ነቀርሳ አይደለም።

ተናድጄ ነበር። ሐኪሟ ግን ማንድል የሚባል የቪየና ቀዶ ሐኪም በ1925 እ.ኤ.አ. እንዳንቺ የታመመ የትራም ሠራተኛ ገጥሞት፣ ዕጢ ያነሰው መስሎት መጀመሪያ የሌላ ሰው ዕጢ እንደተከለበት ነገረችኝ። አልሻለው ሲል ነው አንገቱን ከፍቶ ያበጠችውን ያወጣት።

ያንቺም ወጥታለች። አሁን አጥንትሽ የተወሰደበትን ከደምሽ እያስመለሰ ነው፤ ሐኪሞቹ ራሳቸው «የተራበ አጥንት» ይሉታል። ካልሲየሙና ቫይታሚን ዲው ለዚህ ነው። ከንፈርሽን ወይም ጣትሽን ከነዘረሽ፣ እጅሽም ከተኮማተረ፣ ጠበሉ ይቆይና ያኔውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዱሽ። ክኒን ደግሞ ጾም አያስገድፍም፤ የንስሐ አባትሽ ጋ ደውዬ አስፈቅጄልሻለሁ።

ቀሚሱን ይዤልሽ እመጣለሁ። ለፋሲካ አንቺው ትለብሺዋለሽ።

ልጅሽ